ሽማግሌ የገባበት የፍጻሜ ጨዋታ

የእማዬን የጠቆረ ክንድ ከቤታችን ውጭ መጀመሪያ ያዩት እትዬ ዋጋዬ ናቸው። እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ሳህን ይዞ ሲተራመስ እማዬ ዳቦ ለማቀበል እጇን ዘረጋች፤ ነጠላዋ ተንሸራተተና ከክርኗ በላይ ያለው፣ ብርቱካን የሚያህል፣ መሀሉ ጥቁር ዳሩ ቢጫ የሆነ ምልክት ወጣ። ቶሎ ሸፈነችው። እትዬ ዋጋዬ ግን አይተውታል፤ እኔም ሲያዩት አይቻለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ደስ አለኝ። እማዬ ያንን ምልክት በመስታወት እያየች ስትስቅ፣ ለአባዬም «እስቲ ፎቶ አንሳልኝ፣ ሳይጠፋ» ስትለው ስለሰማሁ፣ እኔ እንደ ሜዳሊያ ነበር የምቆጥረው።

እማዬ የአሜሪካ ፉትቦል ትጫወት ነበር። እዚህ ሜልቦርን ግሪድአይረን ይሉታል። አዲስ አበባ ሳለች ለኮሌጇ የእጅ ኳስ ተጫውታለች፤ ከዚያ አባዬ እዚህ የምሕንድስና ሥራ ሲያገኝ እኔን አዝላ ተከተለችው። ሴንት አልባንስ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየን። የደም ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራት ከጀመረች በኋላ ከባድ ሣጥን ብቻዋን ብድግ አድርጋ ስትሄድ አንዲት ባልደረባዋ አየቻትና «አንቺ የእኛ ቡድን ውስጥ መግባት አለብሽ» አለቻት። ሄደች። የመጀመሪያውን ልምምድ ጨርሳ ስትመለስ ጭቃ በጭቃ ሆና በሩ ላይ ቆማ እንደ ሕፃን ትስቅ ነበር።

ሴቶቹ ሄልሜት ያጠልቃሉ፣ ትከሻቸው ላይ ወፍራም መከላከያ ያስራሉ፣ እንቁላል የምትመስል ኳስ ይዘው ከሜዳው ጫፍ ያለውን ነጭ መስመር ለማለፍ ይገፋፋሉ። እማዬ ግን ኳሷን አትነካም። የምትቆመው ፊት ነው፤ ሥራዋ ኳስ የያዘችውን ጓደኛዋን ሊይዙ የሚመጡትን ማገድ፣ መንገድ መክፈት ነው። ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ማንም ኳስ የማያቀብላት ከሁሉ ደካማ ስለሆነች መስሎኝ በየጨዋታው አንጀቴን ትበላው ነበር።

ነገሩ ምስጢር ነበር። አያቴ አዲስ አበባ ሆነው ልጃቸው ሰው እንደምትገጭ፣ ሰውም እንደሚገጫት ቢሰሙ ደም ግፊታቸው ይነሳል ተባለ። እዚህ ላሉትም ቢሆን አይወራም። «ትልልቅ ሰዎች ከሰሙ ተዪ ይሉኛል» አለችኝ እማዬ። «አንዴ ተዪ ካሉኝ ደግሞ እምቢ ማለት ይከብደኛል። ስለዚህ ጭጭ።»

እኔም ጭጭ አልኩ። ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የዚያን እሑድ እትዬ ዋጋዬ ጫማ የሚወለቅበት ጥግ ላይ አገኙኝ። ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ሰፈሩ ውስጥ ያለው አበሻ ሁሉ እንደ እናት የሚያያቸው ሴት ናቸው። ጎንበስ አሉ።

«ኑሀሚንዬ፣ እማዬን እጇን ምን ነካት?»

«አትናገሪ ተብያለሁ» አልኳቸው በእንግሊዝኛ። እንዳልገባቸው ሳይ በአማርኛ ደገምኩት።

«ማነው አትናገሪ ያለሽ?»

«ሁለቱም። አባዬም።»

«ቤት ውስጥ... ይጋፋሉ እንዴ?»

ይህኛው ስለ ጨዋታው አልነበረም፤ ስለ ጓሯችን ነው። ብመልስ ምስጢር ያወጣሁ አልመሰለኝም።

«አዎ፣ ጓሮ ውስጥ። አባዬ ትራስ ይዞ ይገፋታል። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ጣላት።» ከዚያ እማዬ ደካማ እንዳትመስልብኝ ብዬ ጨመርኩ፤ «ግን አታለቅስም።»

እትዬ ዋጋዬ አማተቡ። ግንባሬን ስመው ሄዱ።

ትራስ ያልኩት ክለቡ ያዋሳት ወፍራም የስፖንጅ ጋሻ ነው፤ አባዬ ደረቱ ላይ ይዞት ይቆማል፣ እሷ እየተንደረደረች ትመጣበታለች። አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው እሱ ነበር። ይህን ግን አልተጠየቅሁም። እትዬ ዋጋዬ በልጅነት ተድረው የእሳቸውም ክንድ እንዲህ ይጠቁር እንደነበር የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። «ያየኝ ሁሉ ወድቃ ነው ይል ነበር፤ አንድ የጠየቀኝ ሰው የለም» ብለዋታል ለእማዬ። እሳቸው ሳይጠይቁ ሊያልፉ አልፈለጉም።

የፍጻሜው ጨዋታ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነበር። የእማዬ ቡድን፣ ብሮልጋስ የሚባሉት፣ እዚያ ደረጃ ሲደርሱ የመጀመሪያቸው ነው። እማዬ በጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ቀድማ ሄደች። እኔና አባዬ ታጣፊ ወንበር፣ ጃንጥላና ሳንድዊች መኪና ላይ እየጫንን ሳለ አንዲት ነጭ ታክሲ በራችን ላይ ቆመች። መጀመሪያ ጋሼ ሳህሉ ወረዱ፤ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ አሁን ታርኔት ሰፈር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ከዘራ የማይለያቸው አዛውንት ናቸው። ቀጥሎ እትዬ ዋጋዬ፣ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው። ታክሲዋን የነዳው የሰፈራችን ሰው ፋንታሁንም፣ እንደ ሦስተኛ ሽማግሌ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ተከተላቸው።

 ትልልቅ ሰዎች ሰምተዋል። እማዬን ተዪ ሊሏት መጡ።

አባዬም እንደኔው ነበር ያሰበው። አስገባቸው፣ አስቀመጣቸው፣ እሱ ግን ቆሞ ቀረ።

«ናኦድ» አሉ ጋሼ ሳህሉ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው፤ «ነገሩ ጆሯችን ደርሷል።»

አባዬ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ምንጣፉ።

«እንግዲህ ከታወቀ ታወቀ» አለ። «መደበቃችን ልክ አልነበረም። ግን ማን ይረዳናል ብለን ነው፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነን።»

«ሁለት ዓመት!» አሉ እትዬ ዋጋዬ።

«መጀመሪያ እኔም ፈርቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። የገፋፋችኝ እሷ ናት።»

«እሷ?»

«ትወደዋለች እኮ እትዬ። ሥራ ቦታ የተናደደችው ሁሉ እዚያ ላይ ይወጣላታል።»

ፋንታሁን ሳል ያዘው። ጋሼ ሳህሉ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ጠየቁ።

«ስብራትስ?»

«እስካሁን ጣት ብቻ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለማንኛውም ዛሬ የመጨረሻው ነው፤ ዛሬ ይለይለታል።»

እትዬ ዋጋዬ ከሶፋው ተስፈንጥረው ተነሡ። «እሷ የት ናት? ልጅቷን የት አደረግካት?»

ያን ጊዜ አባዬ ፊቱ ተለዋወጠ። «ኑሀሚን፣ ሂጂ ውሃ አምጪ» አለኝ፤ በሩንም ከኋላዬ ዘጋው። ማድ ቤት ሆኜ ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ ብቻ ሰማሁ። «ኳስ» የሚለውን ቃል ለየሁት። «እንዴት ያለ ኳስ ነው ሴት የሚያጠቁር?» የሚለውንም። ውሃውን ይዤ ስመለስ ሁሉም ቆመዋል፤ አባዬ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ «ኑ፣ በዓይናችሁ እዩ» ይላል። ውሃውን የጠጣ የለም።

ታክሲዋ ከኋላችን ተከተለች። አባዬ ጆሮው ቀልቶ፣ አፉን ገጥሞ ይነዳል። እኔ ስለዘገየን መስሎኝ «ይደርሳል አባዬ» አልኩት።  ሚስትህን ትመታለህ ተብሎ በገዛ ሳሎኑ መጠየቁን የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም እየሳቀ ነው። ያን ቀን ግን አልሳቀም።

ሜዳው ስንደርስ ሰማዩ ፀሐይም ዝናብም ነበር፤ ሜልቦርን እንዲህ ናት። አባዬ ሦስቱን ሽማግሌዎች በታጣፊ ወንበሮቹ ላይ መስመሩ ዳር አስቀመጠ፣ ጃንጥላውን ለእትዬ ዋጋዬ ሰጠ፣ ራሱ እጆቹን አጣምሮ ራቅ ብሎ ቆመ። እኔ ከፊታቸው ሳሩ ላይ ቁጢጥ አልኩ። በዙሪያችን ቋሊማ በዳቦ የሚበሉ፣ ፊታቸውን በቡድኑ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ቤተሰቦች አሉ።

«የቷ ናት?» አሉ ጋሼ ሳህሉ።

«ስድሳ ስድስት ቁጥር» አልኳቸው።

«ይቺ ወንድ የምታህለው? ሰምሃል ናት?»

«አዎ፣ ከውስጥ መከላከያ አለ።»

«ይኼ እኮ ፉቲ የሚሉት የአገሬው ኳስ ነው» አለ ፋንታሁን ዘና ብሎ። «ተሳፋሪ ስለሱ ሳያወራ አይወርድም፤ እኔ አውቀዋለሁ። አሁን ኳሱን በእግሯ ትለጋዋለች።» ማንም አልለጋም። ሴቶቹ አጎንብሰው ተፋጠጡ፤ የሆነች ልጅ ጮኸች፤ ሁለቱ መስመሮች እንደ ሁለት በር ተላተሙ። ፋንታሁን ከዚያ በኋላ ማብራሪያውን ተወ።

ከእማዬ ትይዩ የቆመችው ቁጥር ሃምሳ ሁለት ነበረች። ትሬሲ ትባላለች፤ ከምሥራቅ ሰፈሮች የመጣው የታይፈንስ ቡድን ምሰሶ ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት ተገናኝተው የእማዬን ክንድ ያጠቆረችው እሷ ናት። ሁለተኛው ሩብ ላይ እማዬን ከመሬት አነሣቻትና በጀርባዋ ጣለቻት። ጧ ያለው ድምፅ እኛ ድረስ ተሰማ። እማዬ ቶሎ አልተነሣችም።

ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ጋሼ ሳህሉ ነጩን መስመር አልፈው፣ ከዘራቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ሜዳ ውስጥ ገብተዋል።

«በሕግ አምላክ! ኧረ በሕግ አምላክ!»

ፊሽካ ተነፋ። ሃያ ሁለት ሴቶች ባሉበት ቀጥ አሉ። ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ልብስ የለበሰው ዳኛ ሮጦ መጣ። አለቀልን አልኩ፤ አሁን እማዬን እጇን ይዘው ሊያወጧት ነው። ዳኛው ግን ሽማግሌውን አይቶ እንደ መሳቅ አለ፤ በክንዳቸው ደግፎ፣ በጆሯቸው የሆነ ነገር እያለ፣ ቀስ ብሎ ወደ መስመሩ መለሳቸው። እማዬ በክርኗ ቀና ብላ ይህን ሁሉ አየች። ጋሼ ሳህሉን፣ የእትዬ ዋጋዬን ነጭ ነጠላ፣ ራቅ ብሎ እጁን አጣምሮ የቆመውን አባዬን። እጄን አውለበለብኩላት። ሁልጊዜ ትመልስልኝ ነበር፤ ያን ቀን አልመለሰችልኝም።

ዕረፍት ላይም ወደ እኛ አልመጣችም። ሌላ ጊዜ እየሮጠች መጥታ ከኔ ጠርሙስ ነበር ውሃ የምትጠጣው። ያን ቀን ከማዶ በኩል ብቻዋን ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። አባዬ ሊሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደና፣ ወደ ሽማግሌዎቹ አየና፣ ተመለሰ። አሠልጣኟ ትከሻዋን ይዛ ስታነጋግራት፣ እማዬም ራሷን በኃይል ስትነቀንቅ ታየኝ። ደክማለችና ሊያስወጧት ነው ብዬ አዘንኩ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ግን እማዬን የተካች ሌላ ሴት ያለች መሰለኝ። ጓደኞቿ መስመሩ ላይ ሲሳሳቁ እሷ አትስቅም፤ ስትወድቅ ፊሽካው ሳያልቅ ትነሣለች። ትሬሲ መጀመሪያ ገረማት፤ ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ሽማግሌዎቹም ተለወጡ። ጋሼ ሳህሉ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን መሬት ላይ ይደቁሳሉ፤ ቋሊማ ሲቀርብላቸው «የምን ሥጋ ነው?» እንኳ ሳይሉ በሉ። እትዬ ዋጋዬ ጃንጥላውን ጥለው «በርቺ ልጄ! ያዣት! ኧረ ያቺን ረዥሟን ያዣት!» ይላሉ። ከጎናችን ያሉት ፈረንጆች ቃሉን ለመዱትና ሁሉም በአንድነት «ያዣት! ያዣት!» ማለት ጀመሩ።

መጨረሻ ላይ ታይፈንሶች በአራት ነጥብ ይመሩ ነበር። ብሮልጋሶች ስድስት ነጥብ ከሚያስገኘው ነጭ መስመር ሁለት እርምጃ ያህል ላይ ደርሰዋል፤ የቀረው አንድ ሙከራ ነው። ዝናቡ እየወረደ ነው። ለእማዬ ኳሱን ስጧት ብዬ በሆዴ ለመንኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሽማግሌዎቹ እያዩ። ኳሱ የተሰጠው ግን ኬይላ ለምትባል ሚጢጢ ልጅ ነው። እማዬ ወደ ትሬሲ ተወረወረች፣ ሁለቱም ተያይዘው ጭቃው ላይ ተደፉ፣ በላያቸው ላይ ሌሎች ወደቁ፣ የእግርና የሄልሜት ክምር ሆነ። ሰው ሁሉ እየዘለለ ይጮኻል። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እናቴ ከታች ናት፤ ኳስም አልሰጧትም።

ጋሼ ሳህሉ ብብቴን ይዘው አነሡኝ። «ምን ያስለቅስሻል? አሸነፉ እኮ!»

«እማዬ ወደቀች...»

«አንቺ ኳሱን ነው ያየሽው። እኔ ሌላ የማውቀው ስለሌለ ቀኑን ሙሉ እናትሽን ብቻ ነው ሳይ የዋልኩት። ያቺን ግድንግድ ይዛት ወደቀች፤ ትንሿ በዚያ ክፍተት ሹልክ አለች። የእናትሽ ነው ድሉ!»

ክምሩ ተፈታ። እማዬ ተነሣች። ጓደኞቿ ሊያቅፏት ሲመጡ በመሀላቸው አልፋ ሄልሜቷን አወለቀችና ወደ እኛ መጣች፤ ቀስ ብላ፣ ፊቷ አመድ መስሎ። እትዬ ዋጋዬ ሊቀበሏት ሄዱ፤ እኔም ቀሚሳቸውን ይዤ። ተገናኙና ሁለቱም በአንድ አፍ «ማነው?» አሉ።

ተያዩ።

«ማነው?» አለች እማዬ እንደገና። «ንገሩኝ በቃ።»

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ» አሉ እትዬ ዋጋዬ ክንዷን ይዘው እጅጌዋን ሰብሰብ እያደረጉ። «ይኼን ያደረገሽ ማነው? እሱ ነው ወይስ እውነትም እነዚህ ናቸው?»

እማዬ ክንዷን አየች። እትዬ ዋጋዬን አየች። ፊቱን ያኮሳተረውን አባዬን አየች። ከዚያ ጭቃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ ያዛት። ዋንጫ ሲገኝ ሰው እንዲህ ይሆናል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

«እሷ ናት» አለች በመጨረሻ፣ ጣቷን ወደ ትሬሲ ቀስራ። «እሷ ናት ያጠቆረችኝ። ናኦድማ ትራስ ይዞ የሚቆምልኝ ሰው ነው።»

ትሬሲ በጣት ስትጠቆም አይታ መጣች። ከሁላችንም ትረዝማለች፤ ጉንጯ ላይ ጭቃ፣ ዓይኗ ላይ እንባ ነበረ። ጋሼ ሳህሉ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ለማስታረቅ ከቤታችን ወጥተን ባዶ እጃችንን አንመለስም። ናኦድ፣ ተርጉም። ይህችን ልጅ ስለመታሻት ይቅርታ ጠይቂ በላት።»

አባዬ የዚያን ቀን መጀመሪያ የሳቀው ያኔ ነው። ተረጎመላት። ትሬሲ አልቀለደችም፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች። እማዬም ደጋግማ ስለጣለቻት ይቅርታ ጠየቀች። ጋሼ ሳህሉ ሁለቱን ትከሻ ለትከሻ አሳሳሙ፤ መረቁ፤ በዙሪያችን የቆመው የሁለቱ ቡድን ሴት ሁሉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ «አሜን» አለ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ አባዬ ዞረው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አንተንም ይቅርታ፣ ልጄ። ግን ነገ ሌላ ቤት ቢሆን ደግሜ እጠይቃለሁ።» አባዬ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው አቀኑት።

እማዬ አሁን አትጫወትም፤ ጉልበቷ እምቢ ብሏታል። ከዚያ በኋላ ሌሎች ፍጻሜዎችም ነበሩ፤ አንዱን እንዲያውም በሰፊ ልዩነት አሸንፈዋል። ባለፈው ዓመት የማትረሺው የትኛውን ነው ስላት ግን ሳታመነታ ያንን አለችኝ። ሽማግሌዎቹን ስላየሽ ኮርተሽ ነው ወይ አልኳት።

«ኩራት?» አለች። «ልጄ፣ እኔ መርዶ መስሎኝ ነበር።»

ጋሼ ሳህሉ ምን ብለው እንደጮኹ አልሰማችም፤ ትንፋሿ ተቋርጦ፣ ጆሮዋ በሄልሜት ተደፍኖ ነበር። ያየችው ሦስት ትልልቅ ሰዎችን ነው፣ አንዷ ነጭ ነጠላ አጣፍተው። አንደኛው ወደ እሷ ሊመጡ ሲሉ ዳኛው ጨዋታው እስኪያልቅ ቆዩ ብሎ የመለሳቸው መሰላት። አባዬ ደግሞ ዓይኗን ማየት አልቻለም። አበሻ እንደዚህ ሆኖ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ታውቃለች። እናቷ ሞተዋል ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን አልወጣሽም? አሠልጣኟ ውጪ ስትልሽ አይቻለሁ።»

«ከወጣሁ ይነግሩኛላ» አለች። «እስካልወጣሁ ድረስ እናቴ አለች። እያንዳንዷን ፊሽካ፣ ገና አላለቀም፣ ገና አላለቀም እያልኩ ነው የገፋሁት። ትሬሲ ምን እንደነካኝ አታውቅም፤ ምስኪን።»

ለዚህ ነው ያን ቀን፣ ጓደኞቿ ዋንጫውን ይዘው ፎቶ እንነሣ እያሉ ሲጠሯት፣ እሷ የአባዬን ስልክ ነጥቃ በጭቃማ ጣቷ ቁጥር ስትመታ የነበረው። አዲስ አበባ ገና ጠዋት ነው። ስልኩ ብዙ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁላችንም አያቴን ሰማናቸው፤ እንቅልፍና ቁጣ የተቀላቀለበት ድምፅ።

«ምነው በጠዋቱ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም!» ብላ ጮኸች እማዬ። «እማዬ፣ ማንም አልሞተም! ማንም!» ጭቃው መሀል እየዘለለች፣ እኔን በአንድ እጇ አንሥታ እያሽከረከረች ደጋግማ ጮኸችው። እኔ ለድል የሚባል ነገር መስሎኝ አብሬያት ጮህኩ።

«ታዲያ ምን ያስጮህሻል?» አሉ አያቴ።

እማዬም ቆመች፤ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ እትዬ ዋጋዬ በዓይናቸው ንገሪያቸው አሏት። ነገረቻቸው። ሄልሜቱን፣ ጭቃውን፣ ትሬሲን፣ ሁለቱን ዓመት፣ ሁሉንም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎን ሁላችንም ጎንበስ አልን።

«ስንት ለስንት?» አሉ አያቴ።